የጥድ ገላጣ ዙር መንገድ፦ ሳይጠፉ ሄዶ የመመለሻ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ፣ በመካከለኛው ቴነሲ ግዛት፣ ወደ ጥድ ገላጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። «ዙር መንገድ አይደል? ዞሮ ዞሮ መኪናዬ ጋ ያደርሰኛል» ይላል። ካርታ አያይም፣ ውሃም በቅጡ አይዝም። ጫካው ውስጥ እያለ ሁሉ ሰላም ነው። ከዚያ ድንገት ዛፍ የሌለበት ሜዳ ድንጋይ ላይ ይወጣና መንገዱ ከእግሩ ሥር ይጠፋበታል። እኔም መጀመሪያ ስሄድ 1 ማይል ገደማ የተባለ መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። ግማሹን ጊዜ የዞርኩት ያንኑ አንድ ገላጣ ነበር።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ገላጣው የኖራ ድንጋይ አናቱን ያወጣበት ቦታ ነው። አፈሩ በብዙ ቦታ ከጥቂት ኢንች አይበልጥም፤ ጭራሽ የሌለበትም አለ። ዛፍ ሥር መስደጃ ስለማያገኝ ጥዱ ዙሪያውን ከቦ ይቆማል። የመንገድ ምልክት ደግሞ የሚቀባው ዛፍ ላይ ነው። ዛፍ በሌለበት ምልክት ይሳሳል፣ ድንጋይ ላይ ደግሞ የእግር ዱካ አይቀርም። መንገዱ ከጫካ ወደ ገላጣ፣ ከገላጣ ወደ ጫካ እየተፈራረቀ ስለሚሄድ ይህ ፈተና በአንድ ዙር ብዙ ጊዜ ይመጣባችኋል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልና እንጀምር። ሌባነን ከተማ አጠገብ ያለው የግዛቱ ፓርክ «ሲዳርስ ኦፍ ሌባነን» ይባላል። የሊባኖስ ዝግባ እንደማለት ነው። ዝግባ ግን አትፈልጉ፣ የለም። ፈረንጆቹ ሲዳር ይሉታል እንጂ ዛፉ የጥድ ዘር ነው፤ ሽታውም ወዲያው ይነግራችኋል።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይሻላል። አበባ አለ፣ ሙቀቱም ገና አልከረረም። የቴነሲ ኮንፍላወር የሚባለውን ሐምራዊ አበባ ለማየት ከሆነ የምትሄዱት ጁንን ጠብቁ።

ጁላይና ኦገስት ከባድ ናቸው። ገላጣው ጥላ የለውም፣ ድንጋዩ ደግሞ ከላይ የተቀበለውን ሙቀት ከታች መልሶ ይተፋል። በእነዚህ ወራት ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ጀምሩ፣ ከረፋዱ በፊት ጨርሱ።

በክረምት፣ ማለትም በአሜሪካ የብርድ ወራት፣ ነገሩ ይገለበጣል። ያ በበጋ፣ ማለትም በሙቀቱ ወራት፣ በረሃ የሚመስል መሬት ውሃ ያቁራል፣ ይጨቀያል። ቀኑም አጭር ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር 4:30 ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ 3:00 ላይ ደርሳችሁ «ቶሎ ዞረን እንመለሳለን» ማለት አያዋጣም። የግዛቱ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ጨለማ ሲሆን ስለሚዘጉ መኪናችሁም ችግር ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በምትሄዱበት ቀን ነጎድጓድ ተተንብዮ ከሆነ ቀይሩት። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ደረጃ 2፦ መንገዱን እንደ አቅማችሁ ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ናሽቪል አቅራቢያ ያለው የካውችቪል ጥድ ገላጣ ይበቃል፤ 1 ማይል ገደማ ነው። መርፍሪስቦሮ አጠገብ ያለው የፍላት ሮክ ገላጣ ወደ 3 ማይል ተኩል ይጠጋል፤ ስሙ እንደሚለው ጠፍጣፋ ድንጋዩ ብዙ ነው። ምልክት መከተል ሳትለምዱ በዚህኛው አትጀምሩ።

ሰዓት ስታሰሉ መሬቱ ሜዳ መሆኑ አያታላችሁ። ለአዋቂ በሰዓት 2 ማይል፣ ልጆች ካሉ 1 ማይል ያዙ። በዚያ ላይ ምልክት ለመፈለጊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ልብስና ቦርሳ

ጫማው ጎማው ያልተላጠ፣ ፊቱ የተዘጋ ይሁን። ሰንደል አይሆንም። ገላጣው ላይ በለስ አለ፤ መሬት ላይ የተነጠፈ፣ ሣር ውስጥ የተደበቀ። ትልቁ እሾህ አይደለም ጠላታችሁ፣ ፀጉር የሚያህለው ነው። ቆዳ ውስጥ ከገባ ለቀናት ይቆጠቁጣል።

ሱሪው ረጅምና ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ይሁን። ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። መልኩ አያምርም፣ አውቃለሁ። ግን መዥገር ፈዛዛ ጨርቅ ላይ ቶሎ ይታያል፣ ካልሲውም መግቢያውን ይዘጋበታል። ፐርሜትሪን የሚባለውን የመዥገር መድኃኒት ልብስና ጫማ ላይ ከቀን በፊት ነፍታችሁ አድርቁ። ቆዳ ላይ አይነፋም። ድመት ካላችሁ እስኪደርቅ ድረስ አታስጠጓት፣ ይመርዛታል። ለቆዳ ዲት (DEET) ያለበትን የነፍሳት ማባረሪያ ተጠቀሙ።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦

- ውሃ፤ በሰዓት ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር፣ በበጋ ወደ አንድ ሊትር። መንገድ ላይ የምታገኙትን ውሃ አትጠጡ። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ የሚያልፍ ውሃ በአፈር አይጣራም፤ ላይ የፈሰሰው ቆሻሻ እንዳለ ታች ይወርዳል።
- ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ
- ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ
- ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ጨው ያለበት መክሰስ
- ለወለምታ የሚሆን የሚለጠጥ ፋሻ

በአደን ወራት፣ በተለይ ኖቬምበር ላይ፣ ሲዳርስ ኦፍ ሌባነን አካባቢ ከሄዳችሁ ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ። ከፓርኩ ጎን ያለው የግዛት ደን አደን የሚፈቀድበት ነው።

ደረጃ 4፦ ሰሌዳው ጋ አሥር ደቂቃ ቁሙ

መኪናችሁን አቁማችሁ በቀጥታ አትግቡ። መነሻው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

1. ካርታውን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ፎቶው ጥርት ማለቱን አጉልታችሁ አረጋግጡ።
2. የመንገዳችሁ ምልክት ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ልጆች ካሉ እነሱ ይድገሙት። በአንድ ቦታ ሁለት ሦስት መንገድ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚለያቸው ቀለሙ ነው።
3. የውሻ ደንቡን አንብቡ። በግዛቱ ፓርኮች ውሻ በገመድ ይያዛል፤ በአንዳንድ ጥብቅ ቦታ ደንቡ ከዚህም ሊጠብቅ ይችላል።
4. ኢንተርኔት የማይፈልግ ካርታ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ የምትሄዱበትን መስመር እንዲመዘግብ አድርጉ።
5. ለአንድ ሰው መልእክት ላኩ፦ የት እንዳላችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ፣ እስከ ስንት ካልደወላችሁ እርዳታ መጥራት እንዳለበት።

ደረጃ 5፦ ዙሩ የሚጀምርበትን መገንጠያ ያዙ

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይኸውና። አብዛኛው ዙር መንገድ ከመኪና ማቆሚያው አይጀምርም። መጀመሪያ አንድ አጭር መንገድ ያስገባችኋል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ዙሩ የሚጀምረውም የሚያልቀውም እዚያ ነው።

እዚህ ቆማችሁ ሁለት ፎቶ አንሱ። አንዱ ወደፊት፣ መገንጠያውን የሚያሳይ። ሌላው ወደኋላ፣ የመጣችሁበትን የሚያሳይ። ስትመለሱ የምታዩት ሁለተኛውን ገጽታ ነውና። ይህን ያላደረገ ሰው መውጫውን በጎን አልፎት ሁለተኛ ዙር ይጀምራል። «ይቺን ዛፍ የሆነ ቦታ አይቻታለሁ» ማለት ስትጀምሩ ነገሩ ደርሶባችኋል ማለት ነው።

በየት በኩል እንዙር? በበጋ ከሆነ ካርታው ላይ ገላጣ የበዛበትን ጎን አስቀድሙ፤ ሳይሞቅ እንድታልፉት። በሌላ ጊዜ ልዩነት የለውም።

ደረጃ 6፦ ጫካው ውስጥ ምልክት ማንበብ

ምልክቱ በቁመት የተቀባ አራት ማዕዘን ነው። አንድ ከሆነ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ሁለት አንዱ ከአንዱ በላይ ከተቀባ መንገዱ ይታጠፋል፤ ቁሙና ቀጣዩን ፈልጉ።

የአጋዘን መንገድ ሰው ያሳስታል። እግር ሥር ጥርት ያለ ነው። ግን ቀና ስትሉ ቅርንጫፉ ደረታችሁን ይወጋል። የሰው መንገድ ቅርንጫፉ ተቆርጧል፣ ራስ ያሳልፋል። ጎንበስ ማለት ከጀመራችሁ የሰው መንገድ ላይ አይደላችሁም።

ሦስት ቅጠል ያለውን ተክል ሁሉ አትንኩ። ቆዳ የሚያሳክከው ፖይዝን አይቪ የሚባል ተክል በገላጣው ጠርዝ ሞልቷል። መሬት ላይም ይበቅላል፣ ፀጉራም ገመድ መስሎም ዛፍ ላይ ይወጣል። እሱን የሚመስል፣ ጉዳት የሌለው ሱማክም እዚያው አለ። መለያው መሃለኛው ቅጠል ነው፤ ፖይዝን አይቪ ላይ መሃለኛው ቅጠል ረዘም ያለ ዘንግ አለው፣ በሱማኩ ላይ ዘንጉ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ሁለቱንም አልነካም። ከነካችሁ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቡ። ጫማችሁን፣ የስልካችሁን ሽፋን፣ የውሻውን ገመድም አትርሱ፤ ዘይቱ እነሱ ላይ ቆይቶ እንደገና ይይዛችኋል።

ደረጃ 7፦ ገላጣውን መሻገር

ፍሬ ነገሩ እዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

*ሀ. ከጫካው ከመውጣታችሁ በፊት ቁሙ።* የመጨረሻው ምልክት ያለበትን ዛፍ በእጃችሁ ንኩት። ይህ መልሕቃችሁ ነው።

*ለ. አሥር እርምጃ ወጥታችሁ ወደኋላ ዙሩ።* የወጣችሁበትን ክፍተት ፎቶ አንሱ። ከገላጣው መሃል ሲታይ የጥዱ ጠርዝ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው። የወጣችሁበት በር ከሃያ እርምጃ በኋላ ይጠፋል።

*ሐ. ማዶውን በዓይናችሁ አስሱ።* ከግራ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ቀኝ። የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቁ። ምልክቱ ማዶ ዛፍ ላይ፣ በተተከለ እንጨት ላይ ወይም ድንጋዩ ላይ ሊቀባ ይችላል። ዓይን ከፍ ብሎ ሲፈልግ መሬት ላይ ያለው ይታለፋል።

*መ. ካያችሁት ወደ እሱ በቀጥታ ሂዱ።* እግራችሁን ድንጋዩ ላይ እያሳረፋችሁ። ስሱ አፈር ላይ የበቀለው ተክል ብርቅ ነው፤ አንዳንዱ ከዚህ አካባቢ ውጭ በዓለም ላይ የለም። አንድ የጫማ ምት ይበቃዋል። ውሃ ቢያቁርም በውሃው እለፉ እንጂ በጎኑ አትዙሩ፤ ሰው ሁሉ በጎን ሲዞር መንገዱ ይሰፋል። አበባም፣ ድንጋይም አይወሰድም። ክልክል ነው።

*ሠ. ካላያችሁት አንድ ሰው መልሕቁ ጋ ይቅር።* ሌላው ወጣ ብሎ ይፈልግ፤ ድምፅ ከሚሰማበት ርቀት ግን አይለፍ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደማቅ ቀለም ያለው ኮፍያ ወይም ጨርቅ ምልክቱ ያለበት ዛፍ ላይ ስቀሉና ጨርቁ ከዓይናችሁ ሳይሰወር በጠርዙ በኩል ፈልጉ።

*ረ. ሁለት ነገር አትመኑ።* አንደኛው የተቆለለ ድንጋይ ነው። ልጆች ለጨዋታ ይሠሩታል፣ ጎብኚ ለፎቶ ይሠራዋል። እናንተም አትሥሩ። ሁለተኛው የጎርፍ መስመር ነው። ዝናብ ጠጠሩን ጠርጎ የሄደበት ቦታ ቁርጥ የእግር መንገድ ይመስላል። ተከትዬው አውቃለሁ፤ የወሰደኝ ወደ ሰመጠ ጉድጓድ (ሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ በውሃ ተበልቶ መሬቱ የወረደበት ቦታ) ነው።

ደረጃ 8፦ የእግር አጣጣል

የኖራ ድንጋዩ ረጃጅም ስንጥቅ አለው። ስፋቱ እግር የሚያስገባ ነው። የጥድ ቅጠል ሲከመርበት አይታይም። ቅጠል የበዛበትን ቦታ ከመርገጣችሁ በፊት በምርኩዝ ንኩት። ስልክ እያዩ አትራመዱ፤ ማየት ከፈለጋችሁ ቁሙ።

ደረቅ ሆኖ ሲታይ ድንጋዩ ላይ የተበተነ ጥቁር ፍርፋሪ የሚመስል ነገር አለ። ዝናብ ሲነካው አብጦ አረንጓዴ ጄሊ ይሆናል። ኖስቶክ ይባላል። ሳሙና የረገጣችሁ ያህል ያንሸራትታል። ከዝናብ በኋላ አጭር እርምጃ፣ ሙሉ የእግር መዳፍ፣ ጉልበት ለቀቅ።

የሰመጡ ጉድጓዶች ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ልጅን እዚያ አካባቢ እጁን ያዙ።

ደረጃ 9፦ ግማሽ ላይ ወስኑ

ከመነሳታችሁ በፊት ያሰባችሁት ጠቅላላ ሰዓት ግማሹ ሲያልቅ ካርታውን አውጡ። ግማሹን መንገድ ካልጨረሳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። «ከዚህ በኋላማ ይቀርባል» የሚለው ሐሳብ ያኔ ይመጣል። የመጣችሁበትን መንገድ ግን ታውቁታላችሁ፣ ቀሪውን አታውቁትም። ውሃው ከግማሽ በታች ከሆነም እንዲሁ።

ነገር ሲበላሽ

*ምልክት ከጠፋ።* አምስት ደቂቃ ያህል ሄዳችሁ ምልክት ካላያችሁ ወደ መጨረሻው ያያችሁት ምልክት ተመለሱ። አቋራጭ አትፈልጉ። መመለሻውም ከጠፋባችሁ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ የተመዘገበውን መስመር ስልክ ላይ ተመልከቱ። ካልሆነ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ደውሉና ካላችሁበት ቦታ አትንቀሳቀሱ። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ንፉ፣ አረፍ በሉ፣ እንደገና ሦስት። የጥድ ጫካ ድምፅ ያፍናል፤ ጉሮሮ ቶሎ ይደክማል፣ ፊሽካ አይደክምም።

*እግር ወለም ካለ።* ጫማውን ወዲያው አታውልቁ፤ ካበጠ አይገባም። ፋሻውን በላዩ ጠቅልሉ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ ስብራት ሊሆን ስለሚችል እርዳታ ጥሩ።

*ነጎድጓድ ከተሰማ።* ከገላጣው ውጡ። ለብቻው የቆመ ጥድ ሥር አትጠለሉ። ቁመታቸው ተቀራራቢ የሆነ አጠር ያሉ ዛፎች መሃል ግቡ፤ መኪናው ቅርብ ከሆነ ግን እሱ ይበልጣል። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

*እባብ ካያችሁ።* ቁሙ፣ ወደኋላ አፈግፍጉ፣ ይሂድ። ኮፐርሄድ የሚባለው መርዛማ ነው፤ ቀለሙ ከደረቀ ቅጠል አይለይም። ስለዚህ እጃችሁን ስንጥቅ ውስጥ አትክተቱ፣ ሳታዩም ግንድ ላይ አትቀመጡ። ከነደፈ 911 ደውሉ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የተነደፈው አካል አይንቀሳቀስ። መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ ማሰር፣ በረዶ ማድረግ አይረዳም፣ ይጎዳል።

*ሙቀት ከመታችሁ።* ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲጀምር ወደ ጥላ ግቡ፣ ልብስ አርጥቡ፣ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ሰውየው መቀባዠር ከጀመረ ወይም ለጥሪ ካልመለሰ ነገሩ ሌላ ደረጃ ደርሷል። 911 ደውሉና እስኪደርሱ ያላችሁን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት።

*የበለስ እሾህ ከገባ።* አታሹት። ትልቁን በወረንጦ ንቀሉ። ለደቃቁ የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ሳቡት፤ ደጋግሙት።

ደረጃ 10፦ መኪና ጋ ከደረሳችሁ በኋላ

መልእክት ለላካችሁለት ሰው ደውሉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከዚያ እቤት ቡና እየጠጣ ሳለ ይፈለጋል።

እቤት እንደገባችሁ ልብሱን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ አስገቡ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ካጠባችሁት መዥገሩ አይሞትም፤ የሚገድለው ከፍተኛ ሙቀት ነው። ከዚያ ገላችሁን ታጠቡ፣ በመስታወትም ፈትሹ፦ ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ እምብርት፣ የቀበቶ መስመር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር። የልጆችን ራስ በጣት እየዳሰሳችሁ እዩ።

ተጣብቆ ካገኛችሁት በወረንጦ ከቆዳው ጋር የተገናኘበትን ቦታ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። አትጠምዝዙ። ቫዝሊን አትቀቡ፣ በክብሪት አታቃጥሉ። ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ያንን ቀን ነው።

በቴነሲ «ሎን ስታር» የሚባል ጀርባው ላይ ነጭ ነጥብ ያለው መዥገር አለ፤ ነጥቡ ያለው ሴቷ ላይ ነው። ንክሻው አንዳንድ ሰው ላይ የቀይ ሥጋ አለርጂ ያስከትላል። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም። በሬ ወይም በግ ከበላችሁ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ሰውነት ያሳክካል፣ ሆድ ይቆርጣል። ሌሊት ስለሚመጣ ሰው ከሥጋው ጋር አያያይዘውም። እንዲህ ካጋጠማችሁ ለሐኪሙ መዥገር እንደነከሳችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ።